የቤት ውስጥ የውሃ መስመርን ከሌጂዮኔላ ባክቴሪያ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

በ1976 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮችን ያጠቃው ብርቱ የሳንባ ምች መንስኤው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ በቀጣዩ ዓመት ታወቀ። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚተላለፈው ውሃውን በመጠጣት ሳይሆን ከሻወር የሚረጨውን ረቂቅ ብናኝ በመተንፈስ ነው፤ በመሆኑም ውሃን አፍልቶ መጠጣት ለሌላ በሽታ እጅግ ቢጠቅምም ከዚህኛው አያድንም።

ባክቴሪያው የሚራባው ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅና ሳይንቀሳቀስ በሚቆይ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ በቦይለሩ ያለውን ውሃ ለብ አድርጎ ከመተው ይልቅ በ60 ዲግሪ ማቆየት ይመረጣል። ሆኖም ይህ ሙቀት ቆዳን በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚያቃጥል፣ በተለይ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት፣ ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚቀላቅል መቆጣጠሪያ በባለሙያ ማስገጠም ያስፈልጋል፤ ይህን ወጪ መቆጠብ በእኔ እምነት ተገቢ አይደለም።

እንደ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ሮቶው ጥላ ሥር ቢቀመጥ፣ ክዳኑ በደንብ ቢገጥምና ከሥሩ የሚጠራቀመው ደለል በየጊዜው ቢታጠብ መልካም ነው። የሻወሩንም ራስ እየፈቱ በአቼቶ ዘፍዝፎ ዝቃጩን መፋቅ ይገባል። ቤቱ ለሳምንት ያህል ተዘግቶ ከከረመ፣ መስኮት ከፍቶ፣ የሻወሩን ራስ አውልቆና ውሃው እንዳይረጭ ቀስ አድርጎ ከፍቶ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ለጥቂት ደቂቃዎች ማፍሰስ ያስፈልጋል።

ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የሚያጨሱ ወይም የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከታየባቸው ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሊቀርቡ ይገባል።