ጣቢያ በር ላይ መብትን ሳይለምኑ መጠየቅ

አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ስንቅ በፌስታል ይዘው ተረኛውን ይለምናሉ። «የኔ ጌታ፣ ውለታህን አልረሳም፣ አንዴ ዓይኑን ልየው።» አንጀቴን በላኝ። የለመኑት እኮ የልጃቸውን መብት ነው። የታሰረ ሰው በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሐኪሙም ሆነ በጠበቃው መጎብኘት እንደሚችል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ይናገራል።

መብት ከሰው ጋር ይወለዳል ወይስ ባለሥልጣን ይሰጣል? ክርክሩ የፈላስፋ ይመስላል፣ ግን እዚያ በር ላይ ከአፋችሁ የሚወጣውን ቃል የሚወስነው እሱ ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው ሰጡ ተባለ፣ እንደ ስጦታ። የ1987ቱ አንቀጽ 10 ደግሞ ሰብዓዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ይላል። እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጣችሁ ወረዳው ነው፣ የወለደቻችሁ ግን እናታችሁ ናት። ሕግም እንደዚያ ወረቀት ነው፣ ያለውን ይመዘግባል እንጂ አይወልድም።

«ታዲያ በአስቸኳይ ጊዜ ለምን ያግዱታል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አንቀጽ 93 ብዙ መብቶችን ለጊዜው መገደብ ይፈቅዳል። ግን ቤታችሁን የቆለፈባችሁ ሰው የቤቱ ባለቤት አይሆንም። ደግሞም ያው አንቀጽ የማይነካው ነገር አለ፤ አንዱ አንቀጽ 18 ነው፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው።

እሺ፣ ወንድማችሁ ተያዘ እንበል። መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ። «ሰኞ ከሰዓት» ብቻ አይበቃም፣ ሰኞ በ9 ሰዓት ብላችሁ፣ የት እንደተያዘና ማን እንዳየ ጨምሩበት። ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ በግምት የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ ረቡዕ 9 ሰዓትን ያዙ።

ከዚያ ጣቢያ ሂዱ። አትጩኹ፣ አትሳደቡ፣ ግን አትለምኑም። «ጤና ይስጥልን፣ ወንድሜ ሰኞ በ9 ሰዓት ተይዟል። በምን ተጠርጥሮ ነው? ፍርድ ቤት የሚቀርበው መቼ ነው? አሁን ላገኘው እፈልጋለሁ።» በቃ። «እባክህ ተባበረኝ» ካላችሁ መልሱ የእሱ ደግነት ይሆናል፣ ደግነት ደግሞ ነገ ሊለወጥ ይችላል። ወንድማችሁን ካገኛችሁት የታሰረበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ነግረውት እንደሆነ ጠይቁት፣ ዝም የማለት መብት እንዳለውም ንገሩት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ፈርቶ ያልሆነውንም ይናገራል።

48 ሰዓቱ አልፎ ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አለ፤ ከሕግ ውጭ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤትን የምትጠይቁበት ማመልከቻ ነው። ታሳሪው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሆኖ ማመልከት ይችላል። ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለና ምስክር ካለም ስሙ በመሐላ ቃል ይጻፋል። ያ መጀመሪያ የጻፋችሁት ሰዓት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ጠበቃ ካገኛችሁ አብራችሁ ጻፉት፣ ካላገኛችሁም ያላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ጋ ስታስገቡ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቀኑንና ማህተሙን ሳታስመቱ እንዳትወጡ።