ተማሪን ዝም የሚያሰኙ ስህተቶች፦ በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር እስከ ዓለም ከተማ ባሉት የሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ሳያይ አልቀረም። በፈተና ወረቀት ላይ ሰዋስውን አሳምሮ የሚሠራ ተማሪ፣ ተነሥተህ ተናገር ሲባል አንገቱን ይደፋል፤ ጋቢውን ወደ አፉ ስቦ ይቆማል። እንግሊዝኛን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲማር ኖሯል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በዚሁ ቋንቋ ይሰጠዋል። ስለዚህ አፉን ያልፈታ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን በቀኑ አብዛኛው ክፍለ ጊዜ ሳይጠይቅና ሳይመልስ ይውላል።

እኛ መምህራን ይህን ስናይ «ድፍረት የለውም» ብለን እናልፋለን። ለዓመታት ካስተማርሁ በኋላ የደረስሁበት እምነት ግን ድፍረት ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣ ነገር እንዳልሆነ ነው። ተናግሮ ሳያፍር ሲቀመጥ፣ በማግስቱም ደግሞ ሲናገር፣ ቀስ በቀስ ያገኘዋል። ከዚህ የሚያግዱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቅን ልቦና የያዝናቸው የራሳችን ልማዶች ናቸው።

ንግግርን መሀል ላይ ቆርጦ ማረም

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ፣ እኔም ስለፈጸምሁት፣ ከዚህ እጀምራለሁ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ቅዳሜ ገበያ እንድትናገር አስነሣኋት። «ላስት ሳተርዴይ አይ ጎ ቱ ማርኬት ዊዝ ማይ ማዘር» ብላ ጀመረች። «ዌንት» አልኋት። «ዌንት» አለች። «ዊ ሴል ዋን ሺፕ» ስትል «ሶልድ» ብዬ አቋረጥኋት። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ዓይኗ ከክፍሉ ላይ ተነሥቶ እኔ ፊት ላይ ተተከለ፤ የሚቀጥለውን እርማት ትጠብቅ ነበር። ከዚያ «ፊኒሽ» ብላ ተቀመጠች። ልትነግረን የፈለገችው በጉ ገመዱን በጥሶ ገበያተኛው መሀል እንደገባና ሰው ሁሉ ተረባርቦ እንደያዘው መሆኑን ከሳምንት በኋላ ከጓደኛዋ ሰማሁ። ክፍሉ ሁሉ በጉጉት ሊያዳምጠው ይችል የነበረውን ታሪክ ያጠፋሁት ሁለት ግሦችን ለማቃናት ስል ነው፤ ግሦቹም ቢሆኑ በዚያ መንገድ አልተቃኑም።

የመምህራንን የእርማት ልማድ ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ፈረንሳይኛ በሚማሩ ሕፃናት ክፍሎች አጥንተውት በ1997 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። መምህራኑ አብዝተው የሚጠቀሙበት ዘዴ የተማሪውን ዓረፍተ ነገር አቃንቶ መልሶ መናገር ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ለእርማቱ እምብዛም ምላሽ ያልሰጡት በዚሁ ዘዴ ሲታረሙ ነው። መምህሩ ፍንጭ ሰጥቶ ተማሪው ራሱ እንዲያርም ሲጋብዘው ውጤቱ የተሻለ ነበር።

ይህ ማለት ግን አይታረም ማለት አይደለም። አንድ የሰዋስው ነጥብ ለማስለመድ በምናደርገው ልምምድ ጊዜ ወዲያውኑ ማረም ተገቢ ነው። ተማሪው ታሪክ ሲያወራ ወይም ሐሳቡን ሲገልጽ ግን መምህሩ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ያዳምጥ፤ የሰማቸውን ስህተቶች ይጻፍ፤ ሁሉም ተናግሮ ካበቃ በኋላ ሦስቱን መርጦ ያለ ስም ሰሌዳው ላይ ያስፍርና ክፍሉ በጋራ ያርማቸው። መሀል ላይ መጠየቅ ካስፈለገም ስለ ነገሩ ይጠየቅ፤ «ከዚያስ በጉ ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ተማሪዋን ወደፊት ይወስዳታል።

ጠይቆ አለመጠበቅ

ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ «አላውቅም» የሚሉት ቀነሱ፤ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። ጥናቱ በሳይንስ ክፍሎች የተካሄደ ነው። የእኛ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ሸክም አለበት። በአማርኛ «እኔ ቅዳሜ ዕለት ከእናቴ ጋር ወደ ገበያ ሄድሁ» ሲል ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ግሡን ከባለቤቱ ቀጥሎ ማምጣት፣ ጊዜውን መወሰንና መስተዋድዱን መምረጥ ይኖርበታል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰከንድ ማዘጋጀት አይችልም።

የሚያስገርመው፣ ለተናጋሪ ጊዜ መስጠትን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ በአገራችን መኖሩ ነው። የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ፊት ድንገት ተነሥቶ ቅኔ እንዲያፈልቅ አይገደድም፤ ገለል ብሎ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም አጥር ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ቃሉን ያገላብጣል፤ ከዚያ በኋላ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረምለታልም። እኛም ከዚህ ብዙ ልንወስድ እንችላለን። አስቀድሞ ጥያቄው ይቅረብ፤ ቀጥሎ ዝምታ ይሁን፤ ስም የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ስም ቀድሞ ከተጠራ የተጠራው ይደነግጣል፤ ሌሎቹ ደግሞ ማሰባቸውን ያቆማሉ። ለረዘም ያለ ንግግር አንድ ደቂቃ በግል እንዲጽፉ፣ ቀጥሎም አጠገባቸው ላለው ተማሪ እንዲነግሩ፣ በመጨረሻ ለክፍሉ እንዲናገሩ ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቃሉ ከአፋቸው አንድ ጊዜ ወጥቷልና ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል።

መውጫ መንገድ መንሣት

መልሱን እስኪናገር ድረስ ተማሪን አቁሞ ማቆየት ብዙዎቻችን የለመድነው ነገር ነው። የቆመው ተማሪ በዚያ ሰዓት ስለ እንግሊዝኛ አያስብም፤ የሚያስበው ስለ እግሩና ስለ ጓደኞቹ ዓይን ነው። የልጅነት እንቆቅልሻችንን እናስታውስ። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋው «ሀገር ስጠኝ» ይባልና «አንኮበርን ሰጠሁህ» ብሎ መልሱን ይሰማል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። ያላወቀ ሰው በክብር የሚያልፍበት በር ስላለው ማንም ከእንቆቅልሽ አይሸሽም።

በእንግሊዝኛ ክፍልም ይህን በር የሚከፍቱ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን ማስለመድ ይገባል። «ካን አይ ሃቭ ኤ ሚኒት፣ ፕሊዝ?»፣ «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?»፣ «አይ አም ኖት ሹር፣ በት አይ ቲንክ» የሚሉት በወፍራም ወረቀት ተጽፈው ከሰሌዳው በላይ ይሰቀሉ። ተማሪው ከእነዚህ አንዱን ሲናገር በእንግሊዝኛ ተናገረ ማለት ነውና ተመስግኖ ይቀመጥ፤ ትንሽ ቆይቶም ዕድሉ ይመለስለት።

በአነጋገር ዘይቤ ላይ የሚሳቅን ሳቅ ችላ ማለት

አንድ ጊዜ የተሳቀበት ተማሪ ወሩን ሙሉ አይናገርም። የሳቁ ምክንያት ብዙውን ጊዜ አነጋገር ነው። የአማርኛ ተናጋሪ፣ ሁለት ተነባቢዎች ተከታትለው ቃል ሲጀምሩ ፊታቸው «እ» ጨምሮ «እስኩል»፣ «እስቱደንት» ማለቱ፣ በምላስ ጫፍና በጥርስ መካከል የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ድምፅም «ዝ» ወይም «ት» አድርጎ መጥራቱ ከቋንቋው ሥርዓት የመጣ እንጂ ከስንፍና የመጣ አይደለም። በአማርኛችንም የጎጃሙ፣ የጎንደሩና የሸዋው አነጋገር ይለያያል፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን «አማርኛ አልቻለም» አይለውም። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ለክፍሉ በግልጽ ይነገር፤ የሚስቅ ሲገኝም መምህሩ እንዳልሰማ አይለፍ። መሥራት የሚያስፈልገው ትርጉም በሚያፋልሱት ድምፆች ላይ ነው። ለምሳሌ «በግ» እና «መርከብ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት የሚለያያቸው አናባቢው ብቻ ነው፤ በመንዝ በጎቹ በሚታወቅ አገር ደግሞ ይህ ልዩነት ሊለመድ የሚገባው ነው። ልምምዱ ግን ለብቻው ጊዜ ይሰጠው፤ በሰው ታሪክ መሀል አይግባ።

የፊቱን ረድፍ ብቻ ማናገር

40 ደቂቃ በሚፈጅ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 60 ተማሪዎች ተራ በተራ ቢናገሩ፣ መምህሩ አንዲት ቃል እንኳ ሳይተነፍስ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ተራ በተራ ማስነሣት ለብዙ ተማሪ የመናገር ዕድል ሊያዳርስ አይችልም፤ በተግባርም የሚናገሩት እጃቸውን ያወጡት አምስት ስድስት ጎበዞች ብቻ ይሆናሉ። መፍትሔው ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በዴስኩ ላይ፣ ለጎረቤቱ እንዲናገር ማድረግ ነው። በአንድ ዴስክ ሦስት የሚቀመጡ ከሆነ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሦስተኛው አዳምጦ የሰማውን ይናገር፤ በየሁለት ደቂቃው ይቀያየሩ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ከውጭ የሚያልፍ ሰው መምህር የሌለበት ክፍል ሊመስለው ይችላል። ርእሰ መምህሩን አስቀድሞ ማስረዳት እንጂ ለዚህ ሲባል ሥራውን መተው አይገባም።

አማርኛን መከልከል

አማርኛ የተናገረን መቅጣት ወይም ገንዘብ ማስከፈል እንግሊዝኛን አያበዛም፤ ዝምታን ያበዛል። ተማሪው የጎደለውን ቃል በአማርኛ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ፤ ቃሉን ከክፍሉ ጋር ፈልገን እንስጠው።

ተማሪው የማያውቀውን እንዲናገር መጠየቅ

የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሮ የማያውቅ ልጅ ስለ ጉዞው ተናገር ቢባል ሁለት ሥራ ይበዛበታል፤ ነገሩንም ቋንቋውንም መፍጠር አለበት። የሚያውቀውን ሲጠየቅ ግን የሚቸግረው ቋንቋው ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ ልጅ ስለ ብርድ፣ ስለ ገብስና ስለ በግ ከመምህሩ ይበልጥ ያውቃል።

አንድ ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት የሜዳው ሣር ነጭ ሆኖ ባደረበት ቀን፣ ያዘጋጀሁትን ምንባብ ትቼ ሌሊት ምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። ሁለት ደቂቃ ተነጋገሩ። ከኋላ ወንበር ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ተነሥቶ «ዘ ኮልድ ሂት አወር ቢንስ» አለ። ውርጭ ባቄላችንን መታው ማለቱ ነው። አላረምሁትም፤ «ውርጭ» በእንግሊዝኛ «ፍሮስት» እንደሚባል ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ቃሉን አየና «ዘ ፍሮስት ሂት አወር ቢንስ። ማይ ፋዘር ሲ ዚስ ሞርኒንግ። ሂ ኢዝ ቬሪ ሳድ» ብሎ ቀጠለ፤ ከዚያም የትኛው ማሳ እንደተረፈ፣ ለምንም እንደተረፈ፣ እጁን ወደ ተዳፋቱ እየዘረጋ አስረዳን። ማሳው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ቅዝቃዜው ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ልጅ የትኛው ሸለቆ እንደሆነ ጠየቀው፤ የጠየቀውም በእንግሊዝኛ ነበር።