ሲያፍነን ሳይሆን ሳያፍነን የምንወስደው ፓፍ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የጥር ውርጭና የጠመኔ ብናኝ አስም ላለበት ሰው አይመቹም። ለዓመታት ኪሴ ውስጥ የነበረው ሳልቡታሞል የሚባለው ሰማያዊ ማስታገሻ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ብቻ ነበር፤ ሲያፍነኝ እወስዳለሁ፣ ይለቀኛል፣ እረሳዋለሁ። ሐኪም ቤክሎሜታሶን የሚባለውን ቡናማ ፓፍ ሲያዝልኝ አራት ቀን ሞክሬ ለውጥ ስላላየሁበት መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። በዚያው ጥር አንድ ሌሊት ኦክስጅን ተደርጎልኝ ድንገተኛ ክፍል አደርሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደዚያ ያለ ሌሊት እንዳያይ ነው።

ስህተቴ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ሚዛን መለካቴ ነበር። ሳልቡታሞል በአየር ቧንቧ ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ የቧንቧውን የውስጥ እብጠት ግን አያድንም። እብጠቱን የሚቀንሰው ቤክሎሜታሶን፣ ማለትም ስቴሮይድ የሚባለው ዓይነት መድኃኒት ነው። ለውጡ የሚሰማው ከቀናት በኋላ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ደህና ብትሆኑም በታዘዘላችሁ መጠን በየቀኑ ውሰዱት። ሲያፍናችሁ ግን እጃችሁ ወደ ማስታገሻው ይሂድ። ቀለሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ስሙን አንብቡ።

ፓፉን በደንብ ነቅንቁት። አዲስ ከሆነ ወይም ሳይነካ ከሰነበተ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወደ አየር ርጩ። ቀና ብላችሁ ትንፋሻችሁን አውጡ፤ የፓፉን አፍ በጥርሶቻችሁ መካከል አድርጋችሁ በከንፈራችሁ ግጠሙት። ቀስ ብላችሁ አየር መሳብ ስትጀምሩ ተጫኑ፣ መሳቡን ሳታቋርጡ ቀጥሉ፣ ከዚያ እስከ 10 እየቆጠራችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ። ለሁለተኛው ርጭት ግማሽ ደቂቃ ቆዩና እንደገና ነቅንቁ።

እኔ መጫኑንና መሳቡን ማስማማት አቅቶኝ መድኃኒቱ ምላሴ ላይ ይቀር ነበር። ለዚህ ስፔሰር የሚባል፣ ከፓፉ ጋር ተገጥሞ የተረጨውን መድኃኒት እስክንስበው የሚይዝ ባዶ ዕቃ አለ። ካላገኛችሁ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ውሰዱ፤ ታችኛውን ወገን በፓፉ አፍ ልክ ቅደዱ፣ ፓፉን ሰክታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈኑ፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ሳቡ። ይህ ዘዴ በደቡብ አፍሪካ አስም በተነሳባቸው ሕፃናት ላይ ተፈትኖ፣ ማስታገሻ መድኃኒት ለመስጠት ተሠርቶ ከሚሸጠው ስፔሰር ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጠርሙሱን በሳሙና ውኃ እጠቡትና ሳትወለውሉት በአየር ይድረቅ፤ በጨርቅ ሲታሽ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስባል።

ስቴሮይዱን ከወሰዳችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ፣ ውኃውን ጉሮሯችሁ ድረስ አድርሳችሁ ትፉት። ይህን ቸል ብዬ ምላሴ ላይ ነጭ ፈንገስ ወጣ፣ ድምፄም ጎረነነ። ለመምህር ድምፅ እንጀራ ነው! አሁን ፓፉን ከጥርስ ብሩሼ አጠገብ ስላስቀመጥሁት መጉመጥመጡም መውሰዱም አይረሳኝም።

«ፓፍ ከጀመሩት ይለምዳል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። ሱስ አያስይዝም። ፊት ያሳብጣል ተብሎ የሚፈራው በአብዛኛው ለረጅም ጊዜ የሚዋጠው የስቴሮይድ ክኒን ነው። እኔ የምወስደው አንድ ርጭት 100 ማይክሮ ግራም ነው፤ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ የፕሬድኒሶሎን ክኒን ግን 5,000 ማይክሮ ግራም አለው። ይህ ማለት በራስ ፈቃድ መጠን መጨመር ይቻላል ማለት አይደለም፤ ከፍተኛ መጠን ለዓመታት ከተወሰደ አጥንትንና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ለጥቂት ወራት ደህና ከሆናችሁ ሐኪሙ ይቀንስላችኋል። ነፍሰ ጡሮችም በራሳቸው አያቋርጡት። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ፤ አንዳንድ ስቴሮይዶች ከእርሱ ጋር ሲሆኑ በደም ውስጥ ይከማቻሉ።

ፓፉን የጀመራችሁበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ጻፉ። ባለ 200 ርጭት ፓፍ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ከተወሰደ 50 ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሲጫኑት ድምፅ ማሰማቱ መድኃኒት አለው ማለት አይደለም። የከሰልና የዕጣን ጭስንም ፓፉ አያካክሰውም፤ ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት።

በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ማስታገሻ ካስፈለጋችሁ ወይም ሳል ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመርመሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ካያችሁ ሳልቡታሞሉን በስፔሰር አንድ በአንድ እስከ አራት ርጭት ስጡት፤ ቁጭ አድርጋችሁ እንጂ አስተኝታችሁ አይሁን፤ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪናም በዚያው ቅጽበት ይጠራ።