የጸሐፊው ክፍል፦ ደሴ ላይ ከጓደኞች ጋር «ኢስኬፕ ሩም» ለመሥራት

አያቴ ቤት ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል አለ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ወለሉ ጣውላ ነው። ሲረግጡት ሲጥ ይላል። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ በቀትርም ጨለም ያለ ነው። ልጆች ሆነን ማታ «ከዚያ ክፍል ሽንኩርት አምጡ» ስንባል «አንቺ ሂጂ፣ አንተ ሂድ» እየተባባልን እንጨቃጨቅ ነበር። ዛሬ ጓደኞቼ ወደዚያው ክፍል «መቼ ነው የምታስገቢን?» እያሉ ይደውሉልኛል። ሦስት ጊዜ ኢስኬፕ ሩም አድርጌዋለሁ። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ አንድ አሮጌ ክፍልና አንድ የሚፈቅድላችሁ ትልቅ ሰው ካለ ይበቃል።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ አራት አምስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ትገባላችሁ። ታሪክ ይነገራችኋል። የተደበቀውን እየፈለጋችሁ፣ ቁልፍ እየፈታችሁ በ60 ደቂቃ ውስጥ ትወጣላችሁ። በፈረንጆቹ 2007 በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ያስጀመረው ታካኦ ካቶ የሚባል ሰው ነው። አሁን በየአገሩ መተዳደሪያ ሆኗል። የድሮ ቤተ መንግሥት፣ የድሮ እስር ቤት፣ የሙት መንፈስ ታሪክ ይዘው የሚሠሩት ብዙ ናቸው።

እኛ ታሪኩን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም። እኔ የመረጥኩት ኅዳር 1928ን ነው። በዚያ ወር በ26ኛው ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ እዚሁ ከተማ ነበሩ፤ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኮሱ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ጣሊያን ከተማዋን ያዘ፤ እስከ ሚያዝያ 1933ም አልወጣም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ይህንኑ የ1933ቱን መጨረሻ ውሰዱ። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ጣሊያንን የተዋጉት ከእናንተ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው።

በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ፈጥሬ አስገባሁ። ጸሐፊ ነው። ድብደባው ሲጀምር አንድ ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ደበቀ። ደብዳቤው ስላልደረሰ ዛሬም ክፍሉን ለቆ አልሄደም። የተጫዋቾቹ ሥራ ደብዳቤውን አግኝቶ ይዞለት መውጣት ነው። የፈጠራችሁትና የሆነው ነገር እንዳይቀላቀል ግን ከጨዋታው በኋላ ለይታችሁ ንገሯቸው።

ለጸሐፊው ስም አልሰጠሁትም። አያቴ ሐሳቤን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «የሞተ ሰው በስሙ አትጥሩ። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም እዚሁ ናቸው» አሉኝ። ዛርም ጅንም እንዳይነሳ አስጠነቀቁኝ። ልክ ናቸው። ወሎ ውስጥ ይህ ለብዙ ሰው ጨዋታ አይደለም። ከጓደኞቼ ሁለቱ ሙስሊም፣ ሦስቱ ክርስቲያን ናቸው፤ የሁሉም ቤት በዚህ ነገር ይጠነቀቃል። ስለዚህ የእኔ መንፈስ ደብዳቤ የቀረበት ምስኪን ጸሐፊ ብቻ ነው። ማንንም አይለክፍም፣ ማንም ላይ አይሰፍርም።

ዕቃው ቀላል ነው። ሁለት ባለአራት ቁጥር ቁልፍ፣ አንድ ተራ ጓጉንቸር፣ ትልቅ የእንጨት ሳጥንና ትንሽ ሳጥን፣ ቁም ሳጥን፣ መሥራት ያቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ መሶብ። የፊደል ገበታውን ከትምህርት ቤት ተውሼ ነው፤ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ወረቀቱን በወፍራም ሻይ ነክሬ ሳደርቀው የመቶ ዓመት መሰለ።

አሁን ወደ እንቆቅልሾቹ እንግባ። ከኢንተርኔት የተቀዳ እንቆቅልሽ አትጠቀሙ። እኛ ጋ በየቀኑ በእጃችን የምንይዘው ነገር ራሱ እንቆቅልሽ ነው፤ አቆጣጠራችን፣ ሰዓታችን፣ ፊደላችን።

ጠረጴዛው ላይ የአንድ ፈረንጅ ሐኪም ማስታወሻ አለ፤ እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። «በ15:00 ሰዓት እጠብቅሃለሁ» ይላል። ከበላዩ የቆመው ሰዓት ተሰቅሏል። ተጫዋቾቹ የሰዓቱን ዘንግ 9 ላይ ማድረግ አለባቸው። ሁሉም ቡድን መጀመሪያ 3 ላይ አደረገው! በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 3 ነው፤ ጸሐፊው ግን የኛ ሰው ነው፣ ሰዓቱም የኛ ነው። 9 ላይ ሲያደርሱት እኔ በመስኮቱ ቀዳዳ አይቼ የጸሐፊውን ድምፅ እለቃለሁ።

ድምፁ «ዓመቱን በእኔ ቁጠሩት» ይላል። የማስታወሻው ቀን 6 ዲሴምበር 1935 ነው። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቶሎ ብሎ 8 ይቀንስና 1927 ላይ ያዞራል። ቁልፉ እምቢ ይላል። ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱ 1928። ትልቁ ሳጥን ይከፈታል።

ከሳጥኑ ውስጥ «ራስ ሚካኤል ንጉሥ የተባሉበት» የሚል ጽሑፍና ከሥሩ ፲፱፻፮ ይወጣል። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። እንደ ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ ሊያነቡት የሚሞክሩ ይቸገራሉ፤ አሥር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ስድስት ብለው ይቆማሉ። አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድስት ብሎ የሚያነብ ሰው ካለ 1906 ያዞርና ቁም ሳጥኑን ይከፍታል። ከቡድኑ መካከል ቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ወይም ዳዊት የደገመ ካለ እዚህ ጋ ያበራል። ባለፈው ጊዜ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለው ልጅ ነበር የፈታው፤ ፊቱን ብታዩት!

ቁም ሳጥኑ ውስጥ የፊደል ገበታውና አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ፦ 4-1፣ 7-7፣ 10-6። የመጀመሪያው ቁጥር ከላይ ወደ ታች፣ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። አራተኛው ቤት መ፣ የመጀመሪያው፤ መ። ሰባተኛው ቤት ሰ፣ ሰባተኛው፤ ሶ። አሥረኛው በ፣ ስድስተኛው፤ ብ። መሶብ! ክዳኑን ሲያነሡ ከጨርቁ ሥር ደብዳቤው ያለበት ትንሹ ሳጥን ጓጉንቸር መክፈቻ አለ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ገበታውን ራሳችሁ ቁጠሩት። የአማርኛው ገበታ ሸ ስላለው በ አሥረኛ ነው። የግእዙ ገበታ ሸ የለውም፤ በ ዘጠነኛ ይሆናል። ኮዱን የሠራችሁበት ገበታ ክፍሉ ውስጥ ያለው ራሱ ይሁን።

ሲጣበቁ ፍንጭ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን ከልጅነታችን ወሰድኩት። እንቆቅልህ ስንባባል መልሱ የጠፋው ሰው ምን ይባል ነበር? «አገር ስጠኝ!» ጸሐፊውም እንዲሁ ነው። ፍንጭ ሲለምኑት «አገር ስጡኝ» ይላል። ተማክረው አንድ ከተማ ይሰጡታል። ሦስት ከተማ ድረስ ይፈቀዳል። ሐይቅን ሰጡ፣ ኮምቦልቻን ሰጡ፣ ሦስተኛው ላይ ክርክር ተነሳ። ደሴን የሰጠ ቡድን እስካሁን የለም።

ድምፁን ያስቀረጽኩት ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌን ለምኜ ነው። በስልክ ነው የቀዳሁት። አልጮኹም፣ አላጓሩም። ደክሟቸው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ረጋ ብለው ነው የተናገሩት። የብሉቱዝ ስፒከሩን ከጆንያው ኋላ ደበቅሁት። ከዚያ በተረፈ ወለሉ ሲጥ ይላል፣ ሌሊት ጅብ ከሩቅ ይጮኻል፣ ጉሙ በመስኮቱ ይገባል። ደሴ ለዚህ የተሠራች ከተማ ናት። ጭምብል አድርጎ ከጥግ መዝለል አያስፈልግም።

ስለ ድምፅ ካነሳሁ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጊዜ የአውሮፕላንና የፍንዳታ ድምፅ ከስልኬ ለቅቄ ነበር። ታሪኩ የ1928 ድብደባ አይደል? አንዷ ጓደኛዬ ቃል ሳትናገር በሩን ከፍታ ወጣች። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እዚህ ነበረች። እኔ ይህን እያወቅሁ አላሰብኩበትም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ድምፁንም ከስልኬ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ የድብደባው ቅጽበት በዝምታ ነው የሚያልፈው፤ ጸሐፊው ንግግሩን ጀምሮ ያቋርጣል፣ በቃ። ከመግባታቸው በፊትም እያንዳንዱን ሰው ለብቻው እጠይቃለሁ፤ ጨለማ ይከብድሃል ወይ፣ የተዘጋ ቤት ያስጨንቅሻል ወይ፣ ድምፅስ? በቡድን ፊት ሲጠየቅ ሁሉም ጀግና ነውና ለብቻ ጠይቁ።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር በሩ ነው። በሩን በፍጹም አትቆልፉ። የሚቆለፈው ሳጥኑ ነው፣ ሰው አይደለም። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2019 ፖላንድ ውስጥ፣ ኮሻሊን በምትባል ከተማ፣ ልደት ለማክበር ኢስኬፕ ሩም የገቡ አምስት የ15 ዓመት ልጃገረዶች እሳት ተነስቶ እዚያው ሞተዋል። መውጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ በእኔ ቤት በሩ ገርበብ ይላል፣ ፊቱ መጋረጃ ይንጠለጠላል። የፈለገ ሰው ገልጦ ይወጣል፤ ማንም «ፈሪ» አይለውም።

ከሰል ደግሞ አለ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። እጃችን ሲቀዘቅዝ ማንደጃ ወደ ቤት ማስገባት ለምደናል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረውም ይገድላል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል። ሰው በጨዋታ ተመስጦ አያስተውለውም። ማንደጃው ውጭ ይቆይ፤ ጋቢ ደርባችሁ ግቡ። ሻማና ኩራዝም አላስገባም፤ ወረቀትና መጋረጃ ያለበት ቤት ነው። ፋኖሱ ውስጥ ያስቀመጥኩት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ነው፤ ቢጫ ወረቀት ከሸፈናችሁት ከእሳት አይለይም። መብራት ቢጠፋም ጨዋታው አይቋረጥም።

ለምትገቡት ደግሞ ትንሽ ምክር። ያገኛችሁትን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቡ፤ ኪስ ውስጥ የከተተ ሰው ሃያ ደቂቃ ያስጠፋል። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። የተፈታ ቁልፍ እንደተከፈተ ይቀመጥ። ስልክ አያቴ ጋ ይቀራል። ከስድስት በላይ አትሁኑ፤ ግማሹ ቆሞ ያያል።

ጨዋታው ቅዳሜ ማታ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አይጠየፍ አዳራሽን አሳዩአቸው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙ ራሱ ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉንም የሚቀበል መሆኑን ይናገራል። ደሴ ሙዚየምንም እዩ፤ በ2014 ብዙ ቅርስ ቢዘረፍበትም ቤቱ ራሱ የድሮ መኳንንት መኖሪያ ነው። ይህን አይቶ የመጣ ሰው ማታ ፲፱፻፮ ሲያነብ ቁጥር ብቻ አይሆንበትም።

የመጨረሻው ደብዳቤ ውስጥ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ ተጨንቄ ነበር። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ መጨረስ ከበደኝ። ጎረቤታችን ሽማግሌ መፍትሔ ሰጡኝ። አባታቸው ልጅ ሆነው፣ ያን ኅዳር ከብት ይዘው ወደ ጦሳ ተራራ ሲወጡ ያዩትን ነገሩኝ፤ እንደነገሩኝ ጻፍኩት። ጓደኞቼ ደብዳቤውን ይዘው ሲወጡ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጢስ ብሎ፣ ሽማግሌው ራሳቸው ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሳቸው የጎደለውን ይሞላሉ። እስከ ሦስተኛው ቡና ማንም አይነሳም።

ለሚቀጥለው ጨዋታ ደብዳቤውን የጻፈችው ያች ግቢ ውስጥ ያገኘኋት ጓደኛዬ ናት። ማንም አልጠየቃትም፤ ራሷ አጥፋ አመጣችው። በ2014 ቤቷን ቆልፋ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ከደሴ ስለወጣችበት ቀን ነው። ፈቃድ ሰጥታኝ አንብቤዋለሁ። አሁን ትንሹ ሳጥን ውስጥ ነው፤ መክፈቻው መሶቡ ውስጥ።