የወሎን ባህላዊ ቦይ በቡድን ማጥናት፦ ከአንድ ተራ ውኃ መነሳት

መሐንዲሱ በጥር ፍሰት ይለካል፣ የታሪክ ባለሙያው በግንቦት ሽማግሌ ያነጋግራል፣ የሶሺዮሎጂ ተማሪዋ በሰኔ መጠይቅ ታስሞላለች፤ በመጨረሻ ሦስት ሪፖርት በአንድ ሽፋን ይጠረዛል። የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች በአንድ ላይ ሠሩ የሚባለው ሁሉም አንድ ነገር ሲለኩ ነው። ለመስኖ ቦይ ያ ነገር ተራ ነው፤ አንድ ገበሬ ውኃው ማሳው ከገባበት እስከሚነሳበት ያለው ጊዜ። ተራ በሊትር ይሰፈራል፣ ባለመብት አለው፣ ማን መቼ እንደደለደለውም ይጠየቃል።

ለመጀመሪያ ጥናት አንድ ጠለፋ (ውኃው ከወንዙ ወደ ቦዩ የሚመለስበት ቦታ) እና አንድ ዋና ቦይ ይበቃል። ወሰኑን ቀበሌው ሳይሆን ውኃው ይወስነው። የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውኃ በአንካርካ ወንዝ «ሐይቅ» ወደሚባለው ሐይቅ ይወርዳል፤ እሱ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። አንካርካን ትቶ የሐይቅን ከፍታ የሚያጠና ሰው ግማሹን ጥያቄ ሜዳ ላይ ጥሎታል።

ፈቃድ ሲጠየቅ የወረዳው ደብዳቤ ብቻውን በር አይከፍትም። በአዋጅ ቁጥር 841/2006 የተቋቋመ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ባለበት ቦታ እንኳ ተራውን የሚያስከብረው የውኃ አባት፣ ማለትም በባህል የውኃው ኃላፊ የሆነው ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ለየብቻ ማነጋገር ያስፈልጋል። ጠበል ካለ ደብሩን ሳያስፈቅዱ መለኪያ አይነከርም። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ሴት ስለማይገባ፣ ቡድኑ የሥራ ክፍፍሉን አስቀድሞ ያስብበት። የድሮ ቦይ ድንጋይ ማንሳት ወይም መቆፈር ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቁፋሮ ፈቃድ ይጠይቃል።

ወሎ በልግም ክረምትም ስላለው «በጋ ላይ ለካን» ማለት አይበቃም። የመነሻ ፍሰት (ዝናብ ሳይጨመርበት የሚወርደው ውኃ) ከበልግ በፊት በታኅሣሥና በጥር፣ ከዚያም ክረምት ሳይገባ በግንቦት መጨረሻ ይለካ። ዝናብ በጣለ ማግስት የተወሰደ ቁጥር ለብቻው ይመዝገብ።

ፍሰቱ በተንሳፋፊ የሚለካ ከሆነ ቀጥ ያለ የ10 ሜትር ክፍል ይመረጥ። በመጀመሪያው፣ በመካከሉና በመጨረሻው ላይ ስፋቱን፣ በእያንዳንዳቸውም አምስት ቦታ ላይ ጥልቀቱን ለኩ። ተንሳፋፊው ሎሚ ይሁን፤ አብዛኛው አካሉ ስለሚሰምጥ ነፋስ አይገፋውም፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ይነዳል። ከመነሻው 2 ሜትር ያህል ቀደም ብላችሁ ልቀቁት፤ ቢያንስ አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲሜትር በሆነ ቦይ ሎሚው 10 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ቢጨርስ የገጽታው ፍጥነት 0.4 ሜትር በሰከንድ ነው። ዳርና ታች ያለው ውኃ ከላዩ ስለሚዘገይ ይህ በማስተካከያ ይባዛል። ጥልቀት ለሌለው ሻካራ የአፈር ቦይ 0.7 ገደማ ይሻላል፤ ይህ በቦዩ ስፋትና ጥልቀት ሲባዛ ውጤቱ በሰከንድ 34 ሊትር ገደማ ይሆናል። ብዙ ተማሪ ከመጽሐፍ ላይ 0.85ን አንስቶ 41 ሊትር ይጽፋል፤ ያ ከሃያ በመቶ በላይ የሌለ ውኃ ነው።

ለትንሽ ምንጭ የ90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ የተቆረጠበት ላሜራ ይሻላል። ቀመሩ 1.38 ሲባዛ በከፍታው 2.5ኛ ርቢ ነው፤ ከፍታው ውኃው ከቪው ታችኛ ጫፍ በላይ የቆመበት ሲሆን በሜትር፣ ውጤቱ በሜትር ኩብ በሰከንድ። 10 ሴንቲሜትር በሰከንድ 4.4 ሊትር ይሰጣል። ከፍታው ግን ውኃው ከሚወድቅበት አፍ ላይ አይነበብም፤ እዚያ ገጽታው ዝቅ ብሏል። ቢያንስ የከፍታውን አራት እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ። በ10 ፋንታ 9 ያነበበ ሰው 3.4 ሊትር ብቻ ያገኛል። ላሜራው ሥር በጭቃ በደንብ ካልተደፈነ ደግሞ ውኃው ከታች ሾልኮ ይሄዳል።

አሁን ተራውን እናስላ። 34 ሊትር በሰከንድ ለ6 ሰዓት ከተለቀቀ ወደ 730 ሜትር ኩብ ነው። በዚያው ቀን በቦዩ ጫፍ ሲለካ 30 በመቶ ጎድሎ ቢገኝ፣ ማሳው የሚደርሰው 510 ገደማ ነው፤ በግማሽ ሄክታር ላይ 10 ሴንቲሜትር ውኃ ማለት ነው። የማሳውን ስፋት በሜትር ለኩት። «ሁለት ጥማድ» የተባለውን ዝም ብሎ በ0.25 ሄክታር ማባዛት አያዋጣም፤ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው እንጂ ቋሚ ስፋት አይደለም።

ገበሬውን «ስንት ውኃ ያገኛሉ?» ብሎ መጠየቅ «አይበቃም» ከሚል መልስ በቀር ምንም አያመጣም። «ባለፈው ተራዎ ውኃው ማሳዎ ሲገባ ፀሐይ የት ደርሳ ነበር? ሲነሳስ?» ይባል፤ ቦዩን እየተከተሉ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሰው በተሰበረው ግንብ አጠገብ ሲቆም ማን እንደሠራው ራሱ ያወራል። ዕድሜ ለመገመት አገር የሚያውቀውን ዘመን ተጠቀሙ፦ ሰገሌ በ1909፣ ማይጨው በ1928፣ የመሬት አዋጁ በ1967፣ ድርቁ በ1977። ለዝናብ ወዳጃ (የወሎ የጋራ ጸሎት) የተቀመጠበት ወይም ምሕላ የተያዘበት ዓመትም ጥሩ መነሻ ነው።

ቦዩ ራሱ በየ50 ሜትሩ ከመለኪያ ዘንግ ጋር ፎቶ ይነሳ፤ የድሮው ድርድር ድንጋይና ላዩ ላይ የተደረበው ሲሚንቶ ተለይቶ ይሳል። ተዳፋቱን በስልክ ጂፒኤስ መለካት ከንቱ ነው፤ ከፍታው በብዙ ሜትር ይዛባል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እርከን የሚቀይሱበት ላይን ሌቭል (በገመድ ላይ የሚንጠለጠል የውኃ ልክ) ይበልጣል። የድሮው 1፡50,000 ካርታ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት በተለየ የቦታ ማመሳከሪያ፣ በአዲንዳን ዳተም የተሠራ ስለሆነ የጂፒኤሱ ነጥብ ሳይቀየር ከተጫነበት ወደ 200 ሜትር ይዛወርና ቦዩን ሌላ ሸንተረር ላይ ያሳየዋል።

ከሁሉ በላይ ግን መረጃ የሚያበላሸው ሰዓት ነው። መሣሪያው 09፡00 ሲል የውኃ አባቱ 3 ሰዓት ይላሉ፤ የመሣሪያው ዓመትና የገበሬው ዓመት ደግሞ በሰባት ወይም በስምንት ይለያያሉ። በመዝገቡ ላይ ለሁለቱም ዓምድ ይኑር፤ ቅየራው በኋላ ቢሮ ይሠራ፣ ሜዳ ላይ በቃል አይቀየር።

የውኃውን ጨዋማነት ስትለኩ ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር (ውኃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት መጠን መለኪያ) በታች ለመስኖ ችግር የለውም፤ ከ3 በላይ ከሆነ ለአብዛኛው ሰብል አስቸጋሪ ነው። ናሙናው ከምንጩም ከቦዩ ጫፍም ይወሰድ።

ሪፖርቱ ከመታተሙ በፊት ሠንጠረዡ ለባለተራዎቹ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የተሳሳተ ተራ እዚያው ይታረማል። ከተራው በላይ የሚወስድ ሰው ስም በካርታ ላይ ከወጣ ጠብ ያስነሳል፣ ስለዚህ ማሳዎቹ በኮድ ይጻፉ፤ የኮዱ ዝርዝር ከመረጃው ጋር በአንድ ፍላሽ አይቀመጥ።