ማሌዥያና ሲንጋፖር የቻይኖች አዲስ ዓመት ላይ ከተጠራችሁ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሠሩ

እዛ ያሉት ቻይኖች አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከደቡብ ቻይና፣ ከፉጂያንና ከጓንግዶንግ በመርከብ የመጡ ናቸው፤ በዓሉንም ያመጡት የየአገራቸውን ወግ ይዘው ነው። ቤጂንግ ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ይዛችሁ ማሌዥያ ውስጥ ፔናንግ ደሴት ብትሄዱ ግማሹ አይሠራም።

ዋዜማውን ማታ ዘው ብሎ መግባት። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይዋልላል፣ በፈረንጆቹ 2025 ላይ ጃንዋሪ 29 ነበር፣ 2026 ላይ ፌብሩዋሪ 17፣ እናም ዋዜማው ማታ ያለው እራት የቤተሰብ ብቻ ነው፤ ልጆች ከሌላ ከተማ ሰዓታት ነድተው የሚመጡት ለሱ እራት ነው። የእንግዳ ጊዜ ከዛ በኋላ ነው። ማሌዥያ ውስጥ "ኦፕን ሃውስ" ይሉታል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ማላዩም ህንዱም ጎረቤት ይመጣል፣ ሙስሊም እንግዳ ካለ ሃላል ምግብ ይዘጋጃል።

ባዶ እጅ መሄድ፣ ወይ ደግሞ አንድ መንደሪን ብቻ ይዞ መሄድ። ሁሌም ጥንድ ነው። በካንቶኒዝ (የደቡብ ቻይናዎች ቋንቋ ነው) የፍሬው ስም "ወርቅ" ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ወርቅ እንደሰጣችሁ ነው የሚቆጠረው፣ ስትወጡ እነሱም ሁለት ይመልሱላችኋል (ብዙ ጊዜ ያንኑ ያመጣችሁትን ዓይነት፣ ፍሬው ቤት ለቤት ሲዞር ይከርማል)። የግድግዳ ሰዓት ግን በፍጹም! "ሰዓት መስጠት" በማንዳሪን ቻይንኛ ሲባል ሟች መሸኘት የሚል ይመስላል።

አንግ ፓው። ቀዩ ፖስታ ነው፣ ውስጡ ብር አለ። ያገባ ላላገባ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷችሁ ካላገባችሁ ከአክስት ፖስታውንም "መቼ ነው ሰርጉ" የሚለውንም ትቀበላላችሁ። በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ ሰጪው ፊት እንዳትከፍቱት። እናንተ የምትሰጡ ከሆነ አዲስ ብር ይሁን፣ አራት ቁጥር አይግባበት፣ አራት ከ"ሞት" ጋር ድምፁ ይቀራረባል። ነጭ ፖስታ የለቅሶ ነው።

መጥረጊያ ማንሳት። እኛ አገር እንግዳ ተነስቶ ሲያግዝ ጨዋ ይባላል አይደል፣ እዛ ግን በመጀመሪያው ቀን መጥረግ የዓመቱን ሲሳይ ከቤት ጠርጎ ማውጣት ነው፣ ቁጭ በሉ በቃ።

ዩሼንግ ሲቀርብ በጨዋነት መብላት። ጥሬ ዓሳ፣ በቀጭኑ የተከተፈ አትክልት ምናምን በትልቅ ሰሃን ይመጣል፣ ሁሉም ቆሞ በቾፕስቲክ ወደ ላይ እየወረወረ መልካም ምኞት ይጮሃል፣ ጠረጴዛው ቢበላሽ እሰየው ነው። የዛሬው ዓይነት ሲንጋፖር ውስጥ የታወቀው በ1960ዎቹ በአራት ሼፎች ነው ይባላል፣ ማሌዥያኖች ደግሞ የኛ ነው ይላሉ፣ እናንተ ብቻ ክርክሩን አትጀምሩት።

ሁለት ቀን እረፍት አልቆ ሥራ ሲከፈት በዓሉ አለቀ ማለት። ኧረ ገና ነው! ከፉጂያን ለመጡት፣ ለሆኪየኖች፣ ትልቁ ሌሊት ገና ዘጠነኛው ቀን ዋዜማ ነው። በአፈ ታሪካቸው ቅድመ አያቶቻቸው ከወታደር ሸሽተው ሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ ተደብቀው አዲሱ ዓመት አለፋቸው፣ የወጡት በዘጠነኛው ቀን ነው፣ ቀኑ ደግሞ የሰማዩ ንጉሥ የጄድ ንጉሠ ነገሥት ልደት ነው። ስለዚህ ፔናንግ ላይ፣ በተለይ ባህሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ በቆመው ቹ ጄቲ ሰፈር፣ እኩለ ሌሊት ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተደርድሮ ሸንኮራው ከነቅጠሉ ይቆማል፣ እጣን ይጨሳል፣ ርችት ነው ሌሊቱን። እንቅልፍ አስባችሁ ከሆነ ሌላ ሰፈር ሆቴል ያዙ።

ኢንዶኔዥያ ከሄዳችሁ (እዛ ኢምሌክ ነው ስሙ) አንድ ከባድ ስህተት አለ፣ ትልልቅ ሰዎችን "ቻይና ሆናችሁ ቻይንኛ እንዴት አታውቁም?" ማለት። የያኔው መሪ ሱሃርቶ በፈረንጆቹ 1967 በዓሉን በአደባባይ ማክበር ከለከለ፣ የቻይንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፣ ብዙዎች ስማቸውን ወደ ኢንዶኔዥያ ስም ቀይረዋል። ክልከላውን በ2000 ያነሳው ፕሬዚዳንት አብዱራህማን ዋሂድ ነው፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ በዓል ሆነ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በር ዘግተው ያከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ያንን ጥያቄ ስትጠይቋቸው ምን እንደምትነካኩ እወቁት።

ደግሞ አስራ አምስተኛውን ሌሊት ሳታዩ እንዳትመለሱ፣ ቻፕ ጎ መህ ይሉታል። ፔናንግ ላይ ያላገቡ ሴቶች ጥሩ ባል እንዲመጣ መንደሪን ባህር ውስጥ ይወረውራሉ፣ አሁን አሁን ስልክ ቁጥራቸውን በማርከር ጽፈውበት ነው የሚወረውሩት፣ ወንዶቹ ደግሞ መረብ ይዘው ይጠብቃሉ።