ክሪፕቶ ስትልኩና ስትቀበሉ ገመናችሁን እንዴት ትጠብቃላችሁ?

ክሪፕቶ ድብቅ ገንዘብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እስኪ አስቡት፤ የባንክ ሒሳባችሁን እናንተና ባንኩ ብቻ ናችሁ የምታዩት። የቢትኮይን ወይም የትሮን (ሌላ የክሪፕቶ ኔትዎርክ) አድራሻችሁን፣ ማለትም ገንዘብ የሚገባበትን ረጅም ኮድ፣ ግን ጎንደር ያለውም ቶኪዮ ያለውም ሰው ከፍቶ ያየዋል። የይለፍ ቃል የለው፣ ፈቃድ የለው። እዚያ ላይ የማይጻፈው ስማችሁ ብቻ ነው።

ዝውውሩ ሁሉ የሚጻፍበት ክፍት መዝገብ ደግሞ አይረሳም። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2010 ላዝሎ ሃኒየች የተባለ ፍሎሪዳ የሚኖር ፕሮግራመር 10,000 ቢትኮይን ከፍሎ ሁለት ፒዛ አገኘ። ያ ክፍያ ዛሬም እንዳለ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) የተሰረቀው 119,754 ቢትኮይንም ዱካው አልጠፋም፤ የአሜሪካ መርማሪዎች እየተከተሉ ቆይተው በ2022 ወደ 94,000 የሚጠጋውን ያዙት።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ስምና አድራሻ እንዳይገናኙ መጠበቅ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኝ ሃከር አላየሁም። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያገናኛቸው፤ ያውም በገዛ እጁ፣ በቴሌግራም።

ከማን ነው የምንጠብቀው? ከአጭበርባሪ፣ ከቀማኛ፣ ገቢያችሁን አይቶ ዋጋ ከሚያስቀንስ ደንበኛ፣ ከሚበደርና ከማይመልስ ጓደኛም ጭምር። ከሕግ መሸሽ የፈለገ ሰው ግን እዚህ የሚያገኘው ነገር የለም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸምም ሕጋዊ አለመሆኑን ተናግሯል። ወቅታዊውን መመሪያ ሳታዩ አትግቡ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ሰልሉ

አድራሻችሁን ኮፒ አድርጉ። የትሮን ከሆነ፣ ማለትም በ"ቲ" የሚጀምር ከሆነ፣ ትሮንስካን በሚባለው፣ መዝገቡን በሚያሳየው ድረ ገጽ ላይ ለጥፉት። የቢትኮይን ከሆነ ሜምፑል ስፔስ ላይ። ከዚያ የማያውቃችሁ ሰው ሆናችሁ አንብቡት።

ምን እንደሚታይ በምሳሌ እንየው። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ አካባቢ ተከራይታ የምትኖር፣ ለውጭ ደንበኞች ሎጎ የምትሠራ ልጅ አለች እንበል። ክፍያዋን በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) ነው የምትቀበለው። ማታ ሐይቁ ዳር ጁስ ቤት ቁጭ ብለው ጓደኛዋ "እባክሽ 10 ዩኤስዲቲ ላኪልኝ፣ ነገ በቴሌብር እመልስልሻለሁ" ይላታል። ትልክለታለች። እሱ ስልኩ ላይ የገባውን ነካ ሲያደርግ የላኪዋ አድራሻ ይመጣል። አድራሻውን ነካ ሲያደርግ ቀሪዋ ይመጣል፦ 2,140 ዩኤስዲቲ። ወደ ታች ሲወርድ በየወሩ መጀመሪያ ከአንድ አድራሻ 300 ይገባል፤ በየሁለት ሳምንቱ 50 ወደ ሌላ አድራሻ ይወጣል። ስፕሪሱን ጠጥቶ ሳይጨርስ ደሞዟን፣ ቁጠባዋን፣ ለማን ስንት እንደምትልክ አወቀ። ሰርቆ አይደለም። ራሷ ናት አድራሻውን የሰጠችው።

ዋሌቱን ከፋፍሉት

ቢያንስ ሦስት ዋሌት (አድራሻችሁን የሚይዝ አፕ) ይኑራችሁ። አንዱ ከደንበኛ የምትቀበሉበት፣ አንዱ የኪስ፣ አንዱ የማስቀመጫ። የኪሱ ውስጥ ለሳምንት ከሚበቃ በላይ አታኑሩ። ለጓደኛ የሚላከው ከእሱ ብቻ ነው። የማስቀመጫው ደግሞ የራሱ ሲድ ፍሬዝ (ዋሌቱ የሚከፈትባቸው 12 ወይም 24 ቃላት) ይኑረው፤ ከተቻለም የራሱ ስልክ ወይም ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፉን ከስልክ ውጭ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ)።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። የሚሸወደው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ ዋሌት ይከፍትና ገንዘቡን ከአሮጌው በቀጥታ ወደ አዲሱ ይልካል። በቃ፣ ሁለቱ ተሳሰሩ። መዝገቡ ላይ መስመሩ ወለል ብሎ ይታያል።

ትሮን ላይ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ወጥመድ አለ። ዩኤስዲቲ ለመላክ ለክፍያው የምትሆን ትንሽ ቲአርኤክስ (የትሮን የራሱ ገንዘብ) ያስፈልጋል። አዲሱ ዋሌት ባዶ ስለሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ከአሮጌው ዋሌት ትንሽ ቲአርኤክስ ይልክለታል። ዩኤስዲቲውን ተጠንቅቆ ለይቶ፣ በዚያች ትንሽ ቲአርኤክስ ራሱን ያጋልጣል። አዲስ አድራሻን የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የሚያየው "ይህን አድራሻ ማን ነው የከፈተው?" የሚለውን ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱን ዋሌት ከኤክስቼንጅ በተናጠል መሙላት ነው፤ ቲአርኤክሱንም ጭምር። ኤክስቼንጅ ለብዙ ሺህ ደንበኞች የሚከፍለው ከጋራ ቋቱ ስለሆነ፣ የውጭ ተመልካች "ከኤክስቼንጅ ወጣ" ከማለት አያልፍም። ኤክስቼንጁ ራሱ ግን ሁሉንም ያውቃል። መታወቂያችሁን ሰጥታችሁታላ። ሕግ ሲጠይቀው ይሰጣል። ጎረቤት ሲጠይቀው አይሰጥም፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሌላ ዘዴም አለ። ለደንበኛ የኤክስቼንጅ አካውንታችሁን የመቀበያ አድራሻ መስጠት። ገንዘቡ እንደገባ ኤክስቼንጁ ወደ ጋራ ቋቱ ስለሚጠርገው ደንበኛው ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁበት አያይም። የገባላችሁን ድምር ግን ያያል፤ አድራሻው ስለማይቀየር። ገንዘቡ በኤክስቼንጁ እጅ እንዳለም አትርሱ። ለማሳለፊያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም።

ከታሪክ ዝርዝራችሁ ውስጥ አድራሻ ኮፒ አድርጋችሁ መላክም ይቅርባችሁ። አጭበርባሪዎች እንቅስቃሴያችሁን ተከታትለው፣ ከምታዘወትሩት አድራሻ ጋር መጀመሪያውና መጨረሻው የሚመሳሰል አድራሻ ይሠሩና ከእሱ ኢምንት ገንዘብ ይልኩላችኋል። ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ እንዲጠብቃችሁ ነው። መሐሉን ያላየ ይከስራል።

ቢትኮይን ከሆነ፦ በየክፍያው አዲስ አድራሻ

ይህ አዲስ ምክር አይደለም። ሳቶሺ ናካሞቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ላይ ራሱ ለእያንዳንዱ ግብይት አዲስ ቁልፍ ተጠቀሙ ብሏል። ደህና የሚባሉት ዋሌቶች፣ ኤሌክትረምም ስፓሮውም ብሉዋሌትም፣ "ተቀበል" ስትሉ አዲስ አድራሻ ይሰጧችኋል። አሮጌዎቹም መሥራታቸውን አያቆሙም። ሁሉም በአንዱ ሲድ ፍሬዝ ሥር ናቸው። የእናንተ ሥራ አንዱን አድራሻ ፎቶ አንስቶ ለሁሉም አለመላክ ብቻ ነው።

ከዚያ መልስ የሚባል ነገር አለ። ባጃጅ ውስጥ ድፍን 200 ብር ስትሰጡ ሾፌሩ መልስ እንደሚሰጣችሁ ሁሉ፣ ቢትኮይንም የገባበትን ድፍን ነው የሚመነዝረው። 0.01 ገብቶላችሁ 0.002 ብትከፍሉ ቀሪው፣ የኔትዎርክ ክፍያ ተቀንሶ፣ ወደ ሌላ የእናንተው አድራሻ ይመለሳል። የከፈላችሁት ሰው ሁለቱንም ያያል። አንዱ ድፍን 0.002፣ ሌላው 0.0079 ምናምን የሆነ የተቆራረጠ ቁጥር። የቱ መልስ እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ለትንሽ ክፍያ ትልቁን አትመንዝሩ።

የትኛውን እንደምትከፍሉ ለመምረጥ ዋሌታችሁ ውስጥ "ኮይን ኮንትሮል" የሚለውን ክፈቱ። ከደንበኛ የመጣውንና ከዘመድ የመጣውን በአንድ ክፍያ አታደባልቁ። ሁለት አድራሻዎች በአንድ ላይ ሲከፍሉ ከታዩ፣ ተመልካቹ የአንድ ሰው ናቸው ብሎ ይደመድማል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። ገንዘብ በገባ ቁጥር "የመጋቢት ሎጎ"፣ "ከአክስቴ" እያላችሁ ስም ጻፉበት። ማስታወሻው ስልካችሁ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው።

"ኤክስፐብ" የሚባለውን ረጅም ኮድ ደግሞ ለማንም አትስጡ። ገንዘብ አያስወስድም። ግን ያለፉትንም የሚመጡትንም አድራሻዎቻችሁን በሙሉ ያሳያል።

ቴሌግራም፣ ቴሌግራም፣ ቴሌግራም

በ2016 ዓ.ም. የቴሌግራም ጨዋታዎቹ ኖትኮይንና ሃምስተር በመጡ ጊዜ ፔዳ ግቢ በር ላይ ስልኩን የማይነካካ ተማሪ ማግኘት ከባድ ነበር። ያኔ ስንቱ ሰው "ኤርድሮፕ (በነጻ የሚታደል ክሪፕቶ) ለማግኘት ዋሌታችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡ" ሲባል አስቀመጠ! ስሙ ከላይ፣ ፎቶው ጎን፣ አድራሻው ከታች። ያ ኮሜንት ዛሬም እዚያው ሊኖር ይችላል። ቴሌግራም ላይ በግሩፖቻችሁ ውስጥ የራሳችሁን አድራሻ ፈልጉ። ካገኛችሁት አጥፉት። ካጠፋችሁትም በኋላ ያን አድራሻ እንደታወቀ ቁጠሩት፤ ቦት ኮፒ አድርጎት ሊሆን ይችላል።

ስክሪንሾትም ያው ነው። "ዛሬ ገባልኝ" ብሎ መለጠፍ ደስ ይላል። አድራሻውን በቀይ ቢያጠፉትም መጠኑና ሰዓቱ ይቀራል። 437.26 ዩኤስዲቲ በዚያች ደቂቃ የላከ ስንት ሰው ይኖራል? መዝገቡ ክፍት ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ያገኘዋል። የግድ ማሳየት ካለባችሁ ሳምንት ቆይታችሁ፣ ቁጥሩን ድፍን አድርጋችሁ በቃል ተናገሩት። ባታሳዩ ግን ይሻላል።

ፒቱፒ (ከግለሰብ ጋር በቀጥታ) ስትገዙና ስትሸጡ

በቴሌብርም በባንክም ስትልኩ ሙሉ ስማችሁ ለተቀባዩ ይታያል። ይህን ማስቀረት አይቻልም፤ በሌላ ሰው አካውንት መላክም ጣጣው ብዙ ነው፣ አትሞክሩት። ማስቀረት የሚቻለው አድራሻችሁን ነው። ግብይቱ በኤክስቼንጁ ውስጥ፣ በኤስክሮው (ክፍያው እስኪረጋገጥ ኤክስቼንጁ ክሪፕቶውን ይዞ በሚያቆይበት መንገድ) ካለቀ፣ ሻጩ ስማችሁን ያውቃል፤ ዋሌታችሁን አያውቅም። "ወንድሜ፣ ኮሚሽን እንዳይበላን በቴሌግራም እንጨርሰው" ቢላችሁና እሺ ብትሉት ግን ስሙንም ስልኩንም አድራሻውንም በአንድ ጊዜ ወሰደ። ሳትከፍሉት ቢጠፋባችሁ ይሻል ነበር። የመታወቂያ ፎቶም ለግለሰብ ሻጭ አይላክም።

በአካል ከተገናኛችሁ ቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ይሁን። ስልካችሁ ላይ የኪሱ ዋሌት ብቻ ይኑር። እፊቱ አፑን ስትከፍቱ የማስቀመጫው ቀሪ ቁልጭ ብሎ ከታየ እስካሁን የደከማችሁበት ሁሉ ውኃ በላው።

ኔትዎርኩ

ዳታ በጠፋ ቁጥር የሆቴል ዋይፋይ መፈለግ ለምደናል። የዋይፋዩ ባለቤት ሲድ ፍሬዛችሁን አያይም፤ የትኛውን ሰርቨር እንደምታናግሩ ግን ሊያይ ይችላል። ቪፒኤን ይህን ይሸፍናል። ነጻ ቪፒኤን ግን ከየትም ብድግ ብላችሁ አታውርዱ። የዋሌቱ ሰርቨርም አይፒያችሁን (የኢንተርኔት መለያ ቁጥራችሁን) እና አድራሻዎቻችሁን አንድ ላይ ያያል። ስፓሮውና ኤሌክትረም በቶር (አይፒን በሚደብቅ ኔትዎርክ) ይሠራሉ፤ ማስተካከያው ውስጥ ታገኙታላችሁ። የራስን ኖድ (መዝገቡን አውርዶ የሚያጣራ ኮምፒውተር) ማስኬድ ከሁሉም ይበልጣል። በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ማውረድ ግን ለኛ አገር ኔት ቀልድ ነው።

ሚክሰር (የብዙ ሰው ክሪፕቶ ደባልቆ ዱካ የሚያጠፋ አገልግሎት) እያሉ የሚያሻሽጡላችሁን አትስሙ። ከሚክሰር የወጣ ገንዘብ ኤክስቼንጅ ሲደርስ ሊታገድ ይችላል፤ ሐቀኛ ገቢያችሁን እንደ ሌባ ገንዘብ ታስመስሉታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ሞኔሮ የተባለ ክሪፕቶ በተፈጥሮው ላኪንም መጠንንም ይሸፍናል። ነገር ግን ባይናንስን ጨምሮ በርካታ ኤክስቼንጆች አውጥተውታል፤ ለሎጎ ሠሪዋ ልጅ ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል።

ስልኩና ዕቃው

ሃርድዌር ዋሌት ከውጭ በዘመድ ስታስመጡ የሚመዘገበው ስምና ስልክ የማን እንደሚሆን አስቡበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርድዌር ዋሌት ከሚሠራው ሌጀር ኩባንያ የደንበኞች መረጃ ወጥቶ የ270,000 ሰዎች ያህል የቤት አድራሻና ስልክ ኢንተርኔት ላይ ተበትኗል። ዋሌቶቹ አልተነኩም። ሰዎቹ ግን ክሪፕቶ እንዳላቸው ታወቀ፤ የማስፈራሪያና የማጭበርበሪያ መልእክትም ጎረፈባቸው።

12ቱን ወይም 24ቱን ቃላት ፎቶ አታንሱ፤ ጋለሪው ራሱ ወደ ጉግል ሊጭነው ይችላል። ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይም አታስቀምጡ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ውኃ በማይነካው ቦታ አኑሩት። የተሰበረ ስክሪን ለማስቀየር ስልክ ጥገና ቤት ስትሰጡ ደግሞ ሠራተኛው የመክፈቻ ፓተርኑን መጠየቁ አይቀርም። ቃላቱ ወረቀቱ ላይ በትክክል መኖራቸውን አረጋግጡና ከመስጠታችሁ በፊት የዋሌት አፑን አጥፉት። ስልኩ ሲመለስ በቃላቱ መልሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። ስክሪኑ ጨርሶ አልበራ ካለና አፑን ማጥፋት ካልተቻለ፣ በሌላ ስልክ ዋሌቱን በቃላቱ ክፈቱ፣ አዲስ ሲድ ፍሬዝ አውጡና ገንዘቡን መጀመሪያ ወደዚያ አሻግሩት።